ቬራን ከመክሰሳችሁ በፊት

ጥያቄ፦ «ስምንት ጓደኛሞች ነን። ቅዳሜ ቅዳሜ አንዳችን ቤት ተሰብስበን የድሮ ፊልም እናያለን። ባለፈው የ1945ቱን ‹ዲቱር› አየን፤ ምስሉ ግራጫ፣ ድምፁም የሚንኮሻኮሽ ነበር። ‹ስለ ማማለል የተሠራ፣ በትንሽ በጀት የተቀረጸ ትሪለር› የሚል ነበር የተጻፈበት። ሲያልቅ ቤቱ በጭቅጭቅ ተናጋ። ግማሾቻችን ‹ቀሽም ነው፤ መኪናው እንኳ በተሳሳተ በኩል ነው የሚሄደው፤ ሴትየዋ ቬራም ስትሳደብ እንጂ ስታማልል አላየናትም› አልን። ግማሾቹ ‹ድንቅ ነው፤ በስድስት ቀንና በ20 ሺህ ዶላር ይህን መሥራት ተአምር ነው› አሉ። የሌሎች ተመልካቾችን አስተያየት ብንጠይቅም ያው እንደኛው ለሁለት የተከፈለ ነው። ማንኛችን ነን ትክክል? ደግሞስ ይህን ያህል በርካሽ መሥራት ከተቻለ እኛስ ለምን አንሞክርም?»

መልስ፦ ሁለታችሁም ስታችኋል። አድናቂዎቹ ያደነቁት ያልነበረ ነገር ነው። ናቂዎቹ ደግሞ፣ ከአነጋገራችሁ እንደገመትኩት፣ የናቁት የተበላሸ ኮፒ ነው። የሁሉም ጣጣ መነሻ ግን «ስለ ማማለል» የምትለዋ ጽሑፍ ነች። እሷን አምናችሁ ስለተቀመጣችሁ ፊልሙን ሙሉ የሚያማልል ሰው ስትፈልጉ ቆያችሁ። ሰውየው እዚያው ነበረ። እናንተ ግን የምትፈልጉት ሴትየዋ ላይ ነበር።

ከስድስቱ ቀን ልጀምር፤ እሱ ቶሎ ያልቃል። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።) ወሬውን የጀመረው ዳይሬክተሩ ኤድጋር ኡልመር ራሱ ነው። ካረጀ በኋላ ለፊልም ሠሪውና ጸሐፊው ለፒተር ቦግዳኖቪች በሰጠው ቃለ ምልልስ ፊልሙን በስድስት ቀን እንደጨረሰ ተናገረ። ከዚያ በኋላ የጻፈ ሁሉ ያንኑ ደገመ። የቀረጻው ስክሪፕት ግን አልጠፋም፤ ልጁ ለካሜራ አሳይታዋለች። ሽፋኑ ላይ ከጁን 14 እስከ ጁን 29 ቀን 1945፣ የካሜራ ቀን 14 ተብሎ ተጽፏል። ስለ ኡልመር ያጠናው ኖአ አይዘንበርግ ደግሞ ወጪው ወደ 100 ሺህ ዶላር እንደሚጠጋ ደርሶበታል። በዛሬ ገንዘብ ብታሰሉት ከ1.5 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው። እንግዲህ በስልክ ቀርጸን እንሞክር ለምትሉት፣ መነሻችሁ ይኼ አይሁን።

ርካሽ ነው መባሉ ግን ውሸት አይደለም። ርካሽ የሚሆነው ከጎረቤቶቹ ጋር ሲነጻጸር ነው። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ቢሊ ዋይልደር በፓራማውንት የሠራው «ደብል ኢንደምኒቲ» ወደ አንድ ሚሊዮን ዶላር ገደማ ፈጅቷል። ዋይልደርና ኡልመር በወጣትነታቸው በርሊን ውስጥ አንድ ፊልም ላይ አብረው የሠሩ ሰዎች ናቸው። አንደኛው ሆሊውድ ገብቶ አናት ላይ ወጣ። ሌላኛው ሥር ቀረ። ለምን ቀረ? በ1934 ለዩኒቨርሳል ጥሩ ገበያ ያገኘ አስፈሪ ፊልም ሠርቶ ነበር። በዚያው ሰሞን ከስቱዲዮው ባለቤት ከካርል ሌምሌ የእህት ልጅ ሚስት ጋር በፍቅር ወደቀ። ሴትየዋም ባሏን ትታ ኡልመርን አገባች፤ ዕድሜ ልካቸውንም አብረው ሠሩ። ትልልቆቹ ስቱዲዮዎች ግን በሩን ዘጉበት። ስለ ማማለል የሚያወራ ፊልም ከፈለጋችሁ የሰውየው የራሱ ታሪክ ሳይሻል አይቀርም።

በሩ ሲዘጋ የገባው ፒ.አር.ሲ. የሚባል ድርጅት ውስጥ ነው። ከሆሊውድ ትንንሽ ስቱዲዮዎች መካከል እንኳ ከታች የሚቆጠር ነበር። ሥራው ለሲኒማ ቤቶች ሁለተኛ ፊልም ማቅረብ ነው። ያኔ በአንድ ቲኬት ሁለት ፊልም ይታያል፤ ትልቁ ፊልም ከገቢው መቶኛ ይወስዳል፤ ትንሹ ግን የሚከራየው በቁርጥ ዋጋ ነው። ስለዚህ አምራቹ ፊልሙ ምን እንደሚያስገባ ገና ሳይቀርጽ ያውቃል። ቢያምርም ቢከፋም የሚያገኘው ያው ነው። «ዲቱር» 68 ደቂቃ ብቻ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ሁለተኛ ፊልም ረጅም እንዲሆን የሚፈልግ አልነበረም። በነገራችን ላይ «ዲቱር» ማለት መንገድ ሲዘጋ የምንዞርበት ተለዋጭ መንገድ ነው። አርዕስቱን ልብ ብላችሁ ያዙት፤ ዋናው ገጸ ባሕርይ ኃጢአቱን ሁሉ የሚያላክክበት ሰበብ እሱ ነው።

አሁን ወደ ስህተቶቹ። መኪናዎቹ በግራ በኩል የሚሄዱት፣ ዋናው ገጸ ባሕርይ አል ሊፍት አግኝቶ ሲገባም በሹፌሩ በር በኩል የሚገባ የሚመስለው፣ እንግሊዝ አገር ስለተቀረጸ አይደለም። ኔጋቲቩ፣ ማለትም ኮፒ የሚታተምበት የመጀመሪያው ፊልም፣ ተገልብጦ ታትሞ ነው። ሲገለበጥ ጉዞው ሁሉ ከቀኝ ወደ ግራ ይሆናል። ካርታ ላይ ከኒው ዮርክ ወደ ሎስ አንጀለስ የሚኬደው ደግሞ ከቀኝ ወደ ግራ ነው። የመሪው ቦታ ስህተት መሆኑን አይቶ የማያውቅ የለም። እንደገና መቅረጽ ግን ገንዘብ ይጠይቃል፤ አቅጣጫው ከመሪው በልጧል ማለት ነው። ይህን «አይ፣ ጥልቅ ትርጉም አለው» እያላችሁ ማስተባበል የለባችሁም። እንከን ነው። አድናቂዎቻችሁ እንከንን ወደ ምሥጢር መለወጥ ይወዳሉ፤ ይቅርባቸው።

ጉሙ ግን ሌላ ነገር ነው። አልና ፍቅረኛው ሱ ከናይት ክለቡ ወጥተው በኒው ዮርክ ጎዳና ሲሄዱ የሚታየው ጉም ብቻ ነው። የመንገድ ስም የተጻፈበት ምልክት ብቅ ይላል፤ ከዚያ እንደገና ጉም። ከጉሙ ጀርባ ኒው ዮርክ የለችም። ስቱዲዮ ነው፤ ለከተማ የሚሆን ገንዘብ አልነበረም። ግን ትዕይንቱን የሚተርክልን እኮ ተስፋ የቆረጠ ሰው ነው፤ የሚያስታውሰው ልጅቷንና የመንገዱን ምልክት ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ትዝታ ከተሟላ ከተማ ይልቅ በጉም ውስጥ ይበልጥ ይታመናል። እዚህ ላይ ድህነቱ ጠቅሟል። ምግብ ቤቱ ውስጥ ታሪኩን ሊጀምር ሲል መብራቱ ደብዝዞ ዐይኑ ላይ ብቻ የሚቀረውንም እዩት። አንድ መብራትና አንድ ጥላ ነው። ወጪው ከምንም አይቆጠርም። ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ ግን በዚህ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ነን፤ ፊልሙ እስኪያልቅ አንወጣም።

አሜሪካዊው የፊልም ሐያሲ ሮጀር ኢበርት በ1998 ስለዚህ ፊልም ሲጽፍ፣ የእንከኑ ብዛት ዳይሬክተሩን በፊልም ትምህርት ቤት የማለፊያ ውጤት እንኳ አያሰጠውም ብሏል። ይህን ያለው ግን ታላላቅ ፊልሞች ብሎ ከመረጣቸው መካከል አስገብቶት ነው። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ደግሞ ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በ1992፣ ሊጠበቁ ይገባል ከሚላቸው ፊልሞች መዝገብ ላይ አስፍሮታል። እንከንና ትልቅነት አንድ ላይ ሊኖሩ ይችላሉ። የእናንተ ጭቅጭቅ ከሁለቱ አንዱን ብቻ ምረጡ ስለሚል ነው መቋጫ ያጣው።

አሁን ስላያችሁት ኮፒ። ደብዳቤያችሁ ላይ «ምስሉ ግራጫ፣ ድምፁም የሚንኮሻኮሽ» የሚል ጠቆም አድርጋችኋል። ያኔ በአሜሪካ ሕግ የፊልም ቅጂ መብት 28 ዓመት ቆይቶ መታደስ ነበረበት። የ«ዲቱር» ባለመብቶች አላደሱትም። ፊልሙ የማንም ሆነ። የማንም ሲሆን ደግሞ ያገኘ ሁሉ ከኮፒ ላይ ኮፒ፣ ከዚያም ላይ ኮፒ ሲያወጣ ኖረ። ቶሎ ቶሎ የሚዘል፣ ጥቁሩ ጥቁር ያልሆነ፣ ነጩም ነጭ ያልሆነ ምስል ነበር ለአሥርተ ዓመታት ሰው ሲያየው የኖረው። ጥቁርና ነጭ ፊልም ውስጥ፣ በተለይ እንዲህ ባለው ጥላ የሚበዛበት ፊልም ውስጥ፣ ጥቁሩን መንጠቅ ከወጥ ላይ በርበሬውን እንደ መንጠቅ ነው። ሌላ ምግብ ይሆናል። በ2018 ግን ኦስካር የሚሸልመው አካዳሚ የፊልም ማኅደርና የፊልም ፋውንዴሽን በጋራ አደሱት። ዋናው መነሻ ቤልጅየም ውስጥ የተገኘ ኮፒ ነው። ላዩ ላይ የፈረንሳይኛና የፍላሚሽ ትርጉም ተጽፎበት ነበር፤ እሱን በኮምፒውተር እየፋቁ አወጡት። ያንን ሳታዩ ስለ ካሜራው ሥራ ፍርድ አትስጡ።

ወደ ዋናው ልግባ። «ስለ ማማለል» የሚለው።

ታሪኩን ላላዩት በአጭሩ። አል ሮበርትስ ኒው ዮርክ ውስጥ ፒያኖ ይጫወታል። ፍቅረኛው ሱ ዘፋኝ ናት፤ ዕድሏን ልትሞክር ሆሊውድ ትሄዳለች። አል ሳንቲም ስለሌለው በሊፍት ሊከተላት ይነሳል። አሪዞና ላይ ሃስኬል የሚባል ሰው ያሳፍረዋል። ሃስኬል መድኃኒት የሚውጥ፣ እጁ ላይ ትልቅ የጥፍር ጭረት ያለበት ሰው ነው። ሌሊት አል ሲነዳ ዝናብ ይመጣል፤ ጣሪያውን ሊዘጋ ያቆማል፤ በሩን ሲከፍት ሃስኬል ወድቆ ራሱን ድንጋይ ይመታል። ሞቷል። አል ማንም አያምነኝም ብሎ ሬሳውን ይደብቃል፤ ልብሱን፣ ገንዘቡን፣ መኪናውንና ስሙን ይወስዳል። በማግስቱ አንዲት ሴት በሊፍት ያሳፍራል። ቬራ ናት። ሃስኬልን የቧጨረችው እሷ ስለሆነች አል ሃስኬል አለመሆኑን ታውቃለች። ከዚያ በኋላ አልን በአፍንጫው ይዛ ትነዳዋለች።

እንደ ጥቁር ፊልም (ፊልም ኑዋር፤ ጥላና ወንጀል የሚበዛበት የዘመኑ የአሜሪካ ፊልም ዓይነት) ወግ ከሆነ ቬራ ማማለል ነበረባት። ሲጋራ፣ ቀስ ያለ አነጋገር፣ ከፀጉሯ ሥር የሚያይ ዐይን። ቬራ ግን ከእንቅልፏ ስትነቃ ጀምሮ ትጮኻለች። ታስላለች። ትጠጣለች። አን ሳቬጅ ስትጫወታት ገና 24 ዓመቷ ነበር፤ በጣም ቆንጆ ሴት ናት። ኡልመር ግን ፀጉሯ የተሠራ እንዳይመስል ክሬም ቀብተው እንዲያቆሽሹት አዘዘ። በአንድ ቃል፣ እንዳታማልል ተደርጋ ነው የተሠራችው። ናቂዎቹ ይህን ነገር በትክክል አይታችኋል። የተሳሳታችሁት እንደ ጉድለት በመቁጠራችሁ ነው።

የዘመኑን ሕግም ማወቅ ይጠቅማል። ከ1934 ጀምሮ በጥብቅ ይሠራበት የነበረው የሆሊውድ የምርት ደንብ፣ ማለትም ስቱዲዮዎቹ ራሳቸው ያወጡት የሳንሱር ደንብ፣ ስለ ማማለልና ስለ አስገድዶ መድፈር አንድ አንቀጽ ነበረው። ማማለል ከጠቆም ያለፈ እንዳይታይ፤ ለታሪኩ የግድ ካልሆነ እንዳይገባ፤ ለቀልድም እንዳይውል ይላል። ስለዚህ የ1940ዎቹን ፊልም በዛሬ ዐይን አይቶ «የታለ ማማለሉ?» ማለት የዳኝነት ስህተት ነው። በጠቆም ነው የሚነገረው። «ዲቱር» ውስጥ ያቺ ጠቆም አንድ ቦታ አለች፤ እናንተ ጭቅጭቁን ስትጠብቁ አምልጣችኋለች። ሁለቱ ሆሊውድ ውስጥ እንደ ባልና ሚስት ሆነው አፓርታማ ይከራያሉ። ማታ ከጠጡ በኋላ ቬራ እጇን ትከሻው ላይ ታሳርፍና ልተኛ ነው ትላለች። ድምፅዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ይለሰልሳል። አል አይነቃነቅም። እጇን ታነሳለች፤ ፊቷ ይለወጣል፤ ትገባለች። ማማለሉ ያው ነው። ከሸፈ። ከዚያ በኋላ ያለው ጭካኔዋ ሁሉ ከዚህች ቅጽበት በኋላ ሌላ መልክ ይይዛል። የተናቀች ሴት ናት፤ በሽተኛም ናት፤ ብዙ እንደማትቆይም ታውቃለች።

እንግዲህ ሴትየዋ ካላማለለች «ስለ ማማለል» የሚለው ውሸት ነው? አይደለም። የሚያማልለው አል ነው። የሚማለለው ደግሞ ተመልካቹ።

ልብ ብላችሁ ስሙት እንጂ አትዩት። ፊልሙን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚተርከው እሱ ብቻ ነው። የማርቲን ጎልድስሚዝ የ1939 ልብ ወለድ ላይ እንዲህ አልነበረም፤ እዚያ ፍቅረኛው ሱም በተራዋ ትተርካለች። ስክሪፕቱን የጻፈው ራሱ ጎልድስሚዝ ነው፤ ወደ ፊልም ሲያመጣው ግን የሷን ድምፅ አወጣው። ምናልባት ለማሳጠር ነው። ውጤቱ ግን ሌላ ሆነ። ተከሳሹ ብቻ የሚናገርበት ችሎት ውስጥ ተቀመጥን። አል ለፍቅረኛው ስልክ ሲደውል እንኳ እሷ ስልኩን ይዛ ትታያለች እንጂ ድምፅዋን አንሰማም። የሚናገረው እሱ፣ የሚመልሰውም እሱ።

እና ምን ይላል? ዕድሌ ነው ይላል። ዕጣ ፈንታዬ ነው። እንዲህ የሚል ዘመድ የሌለው ሰው አለ? ሁላችንም እናውቀዋለን። ገንዘብ ሲያጠፋ ዕድሉ ነው፤ ሲያገኝ ግን ብልህነቱ ነው። አልም እንደዚያ ነው። ሃስኬል ሞተ፤ ዕድል። ቬራን አሳፈረ፤ ዕድል። ግን የሃስኬልን ቦርሳ ከኪሱ ያወጣው ዕድል አይደለም። ልብሱን አውልቆ የለበሰው ዕድል አይደለም። ከዚያም ሁሉ በኋላ ወደ እኛ ዞር ብሎ አታምኑኝም፣ አውቃለሁ ይለናል። ማንም ሳይከሰው ይከራከራል። እኛ ደግሞ ፊቱ ስለሚያሳዝን «ኧረ እናምንሃለን» እንላለን። ያኔ ተማለልን።

ሁለተኛዋን ሞት ደግሞ አስቡት። ቬራ ሰክራ ስልኩን ይዛ መኝታ ክፍል ትገባና ትቆልፋለች፤ ፖሊስ ልጥራ ነው ትላለች። አል ከበሩ ውጭ ሆኖ ገመዱን ይጎትታል። ገመዱ አንገቷ ላይ ተጠምጥሞ ነበር። ሞተች። እንግዲህ ይታያችሁ። በጥቂት ቀን ውስጥ አንድ ሰው ሁለት ሰው ሲሞት አጠገቡ ነበረ፤ ሁለቱም ሲሞቱ ይጠቀማል፤ ሁለቱም የሞቱት በአጋጣሚ ነው፤ ምስክሩ ደግሞ እሱ ብቻ ነው። ይህን ጎረቤታችሁ ቢነግራችሁ ታምናላችሁ? እንግሊዛዊው የፊልም ሐያሲ አንድሩ ብሪተን ይህን ነጥብ በደንብ ገፍቶበታል። የምናየው የሆነው ነገር አይደለም፤ አል ሰው ያምነኛል ብሎ ያዘጋጀው ነው የሚል ነው ሐሳቡ። ኢበርትም ይህንኑ ይዞ ነው የሚከራከርለት። እኔ ከሁለቱም ጋር ነኝ።

እዚህ ላይ ግን ልጓም ያስፈልጋል። ፊልሙ የትም ቦታ «አል ዋሽቷል» ብሎ አያሳይም። ሌላ ዓይነት የሃስኬል አሟሟት አልተቀረጸም። ስለዚህ ገዳይ ነው ብሎ መማል አይቻልም፤ የሚቻለው መጠርጠር ነው። አንዱ ጓደኛችሁ ተነስቶ «እኔ ደረስኩበት፣ ነፍሰ ገዳይ ነው» ካለ አሥር ብር ቅጡት።

ሌላም ጥንቃቄ አለ። አልን የተጫወተው ቶም ኒል በ1965 ሚስቱ በጥይት ሞታ፣ ሳያስብ ሰው በመግደል ተፈርዶበት ስድስት ዓመት ገደማ ታስሯል። ይህን የሰሙ ተመልካቾች ብዙ ጊዜ ወደ ፊልሙ ተመልሰው «ፊቱ ላይ ይታያል እኮ» ይላሉ። አይታይም። ፊልሙ የተቀረጸው ከዚያ 20 ዓመት አስቀድሞ ነው። የተዋናይን ኑሮ በገጸ ባሕርዩ ላይ መጫን ሰነፍ አመለካከት ነው፤ ለሞተችውም ሴት ክብር አይደለም።

መጨረሻው ላይ ፖሊስ መጥቶ የሚወስደውም ለብዙ ሰው «የተለጠፈ» ይመስለዋል። በከፊል ልክ ነው። ደንቡ ወንጀለኛ ሳይቀጣ እንዳይቀር ያዝዝ ነበር። ግን አተያዩን እዩት። አል አንድ ቀን መኪና አጠገቤ ይቆማል እያለ ሲተርክ ነው መኪናው የሚቆመው። ሆነ ወይስ ወደፊት ይሆናል ብሎ እየፈራ ነው? ኡልመር ሳንሱሩን አስደስቶ ለእኛ ደግሞ በሩን ገርበብ አድርጎ ተወልን። ከጠቅላላው ፊልም እኔ በጣም የምወደው ብልጠት ይኼ ነው።

«ጥቁር ፊልም» ስለሚለው ስምም አንዲት ቃል። በ1945 ይህን ፊልም ያየ አሜሪካዊ ፊልም ኑዋር እያየሁ ነው አላለም። ስሙን ያወጡት ፈረንሳዮች ናቸው፤ ጦርነቱ አብቅቶ የአሜሪካ ፊልሞች ፓሪስ ሲገቡ ኒኖ ፍራንክ በ1946 ጻፈው። ስለዚህ «የኑዋርን ሕግ አላከበረም» የሚል ክርክር ካላችሁ ይቅር። ሕጉ የወጣው ከፊልሞቹ በኋላ ነው።

አሁን እናንተ ልትሠሩት ስላሰባችሁት። ሞክሩ፤ አልከለክልም። ግን ከ«ዲቱር» የሚወሰደው ርካሽነቱ አይደለም። ኡልመር ያኔ ከአሥር ዓመት በላይ ዳይሬክት ያደረገ ሰው ነበር። በይዲሽ (የምሥራቅ አውሮፓ አይሁዶች ቋንቋ) እና በዩክሬንኛም ሠርቷል፤ ስለ ሃርለም፣ ስለ ኒው ዮርኩ የጥቁሮች ሰፈር፣ በሠራው ፊልም ከጥቁር ተዋናዮች ጋርም ሠርቷል። ካሜራውን የያዘው ቤንጃሚን ክላይንም የቆየ ባለሙያ ነው። በጥቂት ቀን የሚሠራ እጅ የሚገኘው በብዙ ዓመት ነው። የሚወሰደው ታሪኩን ከበጀቱ ልክ መቁረጡ ነው። አንድ መኪና፣ አንድ አፓርታማ፣ አንድ ምግብ ቤት፣ ሁለት ሰው። ከኋላ ሸራ ላይ መንገድ እየታየ የቆመ መኪና ውስጥ የተቀመጡ ሁለት ሰዎች ፊልሙን ግማሽ ያህል ይሸከሙታል። የቀረውን የሚሸከመው ድምፅ ነው። ከጀርባ የሚሰማ ድምፅ ርካሽ ነው፤ ስለዚህም ጀማሪ ሁሉ ይወደዋል። አደጋውም እዚያ ላይ ነው። ጀማሪ ድምፁን የሚጠቀመው ያልቀረጸውን ለመናገር ነው፤ «ያን ቀን በጣም አዝኜ ነበር» ዓይነት። አል ግን የሚናገረው ሊሸፍን ነው። ተራኪያችሁ የሚደብቀው ነገር ከሌለው ዝም ይበል። እንግዲህ የፊልም ማስተዋወቂያ ላይ «በስድስት ቀን የተሠራ» ብላችሁ እንዳትጽፉ። ተመልካች ስንት ቀን እንደፈጀባችሁ ግድ የለውም።

ምክሬ አንድ ነው፤ አላወላውልም። እንደገና እዩት። በዚያው በግራጫው ኮፒ አይደለም፤ የታደሰውን ፈልጋችሁ፣ የእንግሊዝኛ ጽሑፉን ከሥር አብርታችሁ። ቬራ ስትናገር እንደ መትረየስ ነው፤ አልም የዘመኑን የአራዳ ቋንቋ ይወዳል፤ እንግሊዝኛ እንችላለን የምትሉትም ቢሆን ግማሹ ያልፋችኋል። ክፍሉን አጨልሙ። መሀል ላይ አቁማችሁ አታውሩ፤ ፊልሙ አንድ ሰዓት ከስምንት ደቂቃ ነው፤ ቡናው ይጠብቃል። በመጀመሪያው ጊዜ አልን አምናችሁት ነበር፤ ሁለተኛው ላይ እንደ ከሳሽ ጠበቃ ስሙት። የሚያሳያችሁን ብቻ ሳይሆን ከዚያ በፊት ምን ብሎ እንደተናገረ አስታውሱ። አንድ ሰው ይሰየም፤ አል «ማንም አያምነኝም» የሚል ሐሳብ በተናገረ ቁጥር ወረቀት ላይ ይስመር። ሲያልቅ ስንት እንደሆነ ቁጠሩ፤ ከዚያ ተጨቃጨቁ።

ቬራ መኪናው ውስጥ የምትነቃበትን ቦታ ደግሞ አታሳልፉት። ተኝታለች፤ አል ጎኗን እያየ ደግ ደጉን ያስባል፤ የእሷን ሕይወት እንኳ በልቡ ይጽፍላታል። በድንገት ቀጥ ብላ ትነሳና ሬሳውን የት እንዳደረገው ትጠይቀዋለች። በ68 ደቂቃ ውስጥ ይህን ሰው ፊት ለፊት ይህን የጠየቀው ሌላ የለም።